ነጭ መለጠፍና ቀዳዳ መብሳት፦ በቬክተር ሥዕል ቅርጾችን ስለ ማዋሐድና ስለ መቁረጥ

በጎሬ ከተማ ለመምህራን፣ ለተማሪዎች፣ ለታፔላ ሠራተኞችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።



ንግግሬን በዚህች ከተማ ስም ልጀምር። «ጎሬ» በፊደላችን ሲጻፍ ሁለት ሆሄያት ብቻ ነው። ሁለቱን ሆሄያት ቀረብ ብለን ብንመለከታቸው ግን በ«ጎ» ላይ አንዲት ትንሽ ቀለበት፣ በ«ሬ» እግር ሥርም ሌላ ትንሽ ቀለበት እናገኛለን። ከዚህ ወደ መቱ ብንወርድ የ«መቱ» የመጀመሪያ ሆሄ «መ» ሁለት ዓይኖች አሉት። የከተማዋን ስም በቁቤ ብንጽፈውም ከቀለበት አናመልጥም፤ በዚያም ክብ ሆነው የሚዘጉ ፊደላት አሉ።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ቀላል የሚመስል ነው። በእነዚህ ቀለበቶች ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በነጭ ወረቀት ላይ ለሚያነብ ሰው መልሱ «ነጭ» ነው። በአረንጓዴ ቆርቆሮ ላይ ለሚያነብ ሰው መልሱ «አረንጓዴ» ይሆናል። በመስታወት ላይ ለሚያነብ ሰው ደግሞ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው ሁሉ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ምንም» የሚለው ነው፤ በዚያ ስፍራ ፊደሉ የለም። ቀዳዳ በቅርጹ ላይ የተቀመጠ ነጭ ነገር አይደለም፤ የቅርጹ የራሱ ድንበር ነው። ንግግሬ በሙሉ የዚህ የአንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

ከስሕተት የተገኘ ትምህርት

ይህን ልዩነት ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት የበር መስታወት የሚለጠፍ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። በኮምፒዩተር ያለው ፊደል ስላልጣመኝ ሆሄያቱን ራሴ ሣልኋቸው። ለእያንዳንዱ ቀለበት ጥቁር ክብ አኖርሁ፤ በላዩ ላይ አነስ ያለ ነጭ ክብ ጨመርሁ፤ የሆሄውን እግር ደግሞ በቀጭን አራት ማዕዘን ሠርቼ ከክቡ ጋር አደራረብሁት። በስክሪን ላይ እጅግ ያማረ ሆነ። በወረቀት አትሜ ባየውም ያው ነበር። ፋይሉን ስቲከር ለሚቆርጥ ባለሙያ በልበ ሙሉነት ሰጠሁት።

የስቲከር መቁረጫው ፕሎተር ግን ቀለም አያውቅም። የሚያውቀው መሥመርን ብቻ ነው፤ መሥመር ባለበት ሁሉ ምላጩን ይዞ ይሄዳል። የእግሩ አራት ማዕዘን ወደ ክቡ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ምላጩ የክቡን ጠርዝ ሲከተል እግሩን ቆረጠው፤ የእግሩን ጠርዝ ሲከተል ደግሞ ክቡን ሰነጠቀው። ባለሙያው ስቲከሩን ሲያነሣ ሆሄያቱ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተበታተኑ። እርሱ ስቲከሩንና የግማሽ ቀን ድካሙን ከሰረ፤ እኔ አፈርሁ። ጥፋቱ የእርሱም የመሣሪያውም አልነበረም። እኔ ለዓይን የሚበቃ ሥዕል ሠርቼ ቅርጽ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ኮምፒዩተሩ «ውስጥ» እና «ውጭ»ን እንዴት ይለያል?

ኮምፒዩተር ሥዕልን በሁለት መንገድ ሊይዝ ይችላል። አንደኛው እንደ ፎቶግራፍ በጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ነው፤ እንዲህ ያለው ሥዕል ሲሰፋ ይሻክራል። ሁለተኛው ቬክተር የምንለው ነው። በቬክተር ሥዕል የሚቀመጠው ጥቂት ነጥቦችና በነጥቦቹ መካከል የሚያልፈው መሥመር የሚታጠፍበት ስሌት ነው። ስሌቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በፈረንሳይ የመኪና ፋብሪካዎች ውስጥ የተገኘ ነው፤ በሲትሮየን ፖል ደ ካስቴልዦ፣ በሬኖ ደግሞ ፒየር ቤዚዬ የመኪና አካል ጥምዞችን በትክክል ለመግለጽ ሲደክሙ የደረሱበት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነበው ሆሄ ሁሉ የሚሣለው በዚህ ዓይነት ጥምዝ ነው። ስሌት ስለሆነም በጣት ጥፍር ላይም ሆነ በሕንፃ ግድግዳ ላይ ቢጻፍ ጠርዙ አይሻክርም።

መሥመሩ ዞሮ ሲገጥም ዝግ ቅርጽ ይሆናል፤ ዝግ ቅርጽ በቀለም ይሞላል። ይሁን እንጂ አንድ ቅርጽ ሁለት ዙሪያ መሥመሮች ሲኖሩት፣ ለምሳሌ «ዐ» የውጭና የውስጥ ክብ ሲኖረው፣ ኮምፒዩተሩ ቀለሙን የት አስገብቶ የት እንደሚያስቀር መወሰን አለበት። ዓይን የለውምና ሕግ ያስፈልገዋል። የተለመዱት ሕጎች ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የጎዶሎና የሙሉ ቁጥር ሕግ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነሥታችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውጭ ሂዱ፤ በመንገዳችሁ ያቋረጣችሁትን መሥመር ቁጠሩ። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ የተነሣችሁበት ነጥብ የቅርጹ አካል ነው፤ ዜሮ ወይም በሁለት የሚካፈል ከሆነ ባዶ ነው።

ይህን ለመረዳት ከላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ቤተ ክርስቲያኑ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ የታነጸ አይደለም፤ ከአለት ላይ ተቀንሶ የተፈለፈለ ነው። ከሰማይ ቁልቁል ስናየው በመጀመሪያ አለቱን፣ በአለቱ ውስጥ ዙሪያውን የተቆፈረውን ጉድጓድ፣ በጉድጓዱ መካከል ደግሞ በመስቀል ቅርጽ የቆመውን ሕንፃ እናያለን። አሁን በሐሳባችሁ ከሕንፃው ጣሪያ መካከል ተነሥታችሁ ወደ ውጭ ሂዱ። የሕንፃው ጠርዝ አንድ፣ የጉድጓዱ ጠርዝ ሁለት፣ የአለቱ መጨረሻ ሦስት። ሦስት ጎዶሎ ነው፤ የቆማችሁበት አለት ነበር። ከጉድጓዱ ብትነሡ ግን የምታቋርጡት ሁለት ጠርዝ ነው፤ በዚያ አለት የለም። ያ ጉድጓድ ቀዳዳ ነው፤ ሕንፃው በቀዳዳው ውስጥ ያለ ደሴት ነው። ጥንት የፈለፈሉት ሰዎች ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን አንድ ቅርጽ በመጨመር ብቻ ሳይሆን በመቀነስም እንደሚሠራ ከሁላችን በላይ ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ሕግ የመሥመሩን አቅጣጫ ይመለከታል። እያንዳንዱ ዙሪያ መሥመር ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በአንድ ወገን ይዞራል። መሥመሩ በሰዓት መዞሪያ አቅጣጫ ከከበባችሁ አንድ ደምሩ፤ በተቃራኒው ከከበባችሁ አንድ ቀንሱ። ድምሩ ዜሮ ከሆነ ቦታው ባዶ ነው፤ ከዜሮ ሌላ ከሆነ የተሞላ ነው። በዚህ ሕግ የ«ዐ» የውጭ ክብ በአንድ ወገን፣ የውስጥ ክቡ ደግሞ በተቃራኒው ካልዞረ ቀዳዳ አይገኝም። ሁለቱም በአንድ ወገን ከዞሩ ድምሩ ሁለት ይሆናል፤ የፊደሉም ዓይን ይደፈናል።

ብዙ ተማሪዎቼ «በአንዱ ፕሮግራም ቀዳዳ የነበረው በሌላው ተደፈነብኝ» ብለው ይመጣሉ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኤስቪጂ በሚባለው የቬክተር ፋይል ዓይነት ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚሠራው ሁለተኛው ሕግ ነው። ትሩታይፕ በሚባለው የፊደል አሠራርም የውጩ መሥመር በሰዓት መዞሪያ፣ የውስጡ በተቃራኒው እንዲሄድ ይጠበቃል። ስለዚህ ቀዳዳው ሲጠፋ ነጭ ክብ ወደ መለጠፍ አትሂዱ። የውስጡን መሥመር አቅጣጫ መገልበጥ ብቻ ይበቃል፤ በኢንክስኬፕ «ሪቨርስ» የሚለው ትእዛዝ ይህን ያደርጋል።

አራቱ ሥራዎች

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንምጣ። ቅርጾችን የማዋሐድና የመቁረጥ ትእዛዞች በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ በጆርጅ ቡል ስም ይጠራሉ። ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» የሚሉትን ቃላት በሒሳብ አስልቶ ነበር። ሐሳቡ በትምህርት ቤት ስለ ስብስብ ስንማር ካየናቸው ሁለት የተጠላለፉ ክቦች የተለየ አይደለም።

በመሶብ ላይ ሁለት እንጀራዎች በከፊል ተደራርበው እንደ ተዘረጉ አስቡ። የሁለቱን የውጭ ዙሪያ ብቻ ተከትላችሁ አንድ ቅርጽ ብታደርጓቸው ያ ማዋሐድ ነው። የላይኛው የሸፈነውን ያህል ከታችኛው ቆርጣችሁ ብታወጡ ያ መቀነስ ነው። የተደራረቡበትን ክፍል ብቻ ብታስቀሩ የጋራውን መውሰድ ነው። የተደራረቡበትን አውጥታችሁ የቀረውን ብትይዙ ደግሞ የጋራውን ማስወገድ ነው። ከእነዚህ አራት ሥራዎች ውጭ የሆነ የታፔላ፣ የማኅተም ወይም የዓርማ ቅርጽ እምብዛም አይገኝም።

በነጻ በሚገኘው በኢንክስኬፕ እነዚህ ትእዛዞች «ፓዝ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ዩኒየን፣ ዲፈረንስ፣ ኢንተርሴክሽንና ኤክስክሉዥን ተብለው ተቀምጠዋል። በከተሞቻችን የማተሚያ ሱቆች በተለመደው በኮርልድሮው ማዋሐዱ ዌልድ፣ መቀነሱ ትሪም ይባላል። በኢለስትሬተር ደግሞ ፓዝፋይንደር በሚለው ሰሌዳ ላይ ዩናይትና ማይነስ ፍሮንት ሆነው ይገኛሉ። ስሙ ይለያያል፤ ሥራው አንድ ነው።

የ«ሬ»ን ቀለበት በኢንክስኬፕ በዚህ መንገድ መሥራት ይቻላል። በመጀመሪያ ትልቁን ክብ ሣሉ። በላዩ ትንሹን ክብ አኑሩ፤ ሁለቱን መካከለኛ ነጥባቸው እንዲገጥም አስተካክሉ። ሁለቱንም መርጣችሁ ዲፈረንስ የሚለውን እዘዙ። ከላይ ያለው ከታች ካለው ይቀነሳል፤ የሚቀረው ቅርጽ የታችኛውን ቀለም ይይዛል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ማለትም ትንሹ ከታች ሆኖ ትልቁ ከላይ ከተቀመጠ፣ ሁሉም ይጠፋል፤ ምክንያቱም ከትንሹ ላይ ትልቁን ስንቀንስ የሚተርፍ ነገር የለም። ቀለበቱ ከተገኘ በኋላ የሆሄውን ሌላ አካል አስጠጉና ሁለቱን በዩኒየን አዋሕዱ። የሚደራረበው ክፍል ቀለበቱን ብቻ እንዲነካ፣ ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ከገባ ማዋሐዱ ቀዳዳውን በከፊል ይደፍነዋል።

እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ የተተየበ ጽሑፍ ገና ቅርጽ አይደለም፤ አስቀድሞ ወደ ዙሪያ መሥመር መለወጥ አለበት። ጽሑፉ ሲለወጥ ሆሄያቱ በአንድ ቡድን ታስረው ሊመጡ ስለሚችሉ ቡድኑን ፍቱት። ከተለወጠ በኋላ የፊደል ስሕተት ማረም ስለማይቻል ያልተለወጠውን ቅጂ ለብቻው አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ወፍራም ሆኖ የሚታይ መሥመር ለኮምፒዩተሩ ስፋት የሌለው ክር ነው፤ ውፍረቱ ልብስ ብቻ ነው። በመሥመር የሠራችሁትን የሆሄ እግር ከመቁረጣችሁ ወይም ከማዋሐዳችሁ በፊት ውፍረቱን ወደ ቅርጽ ለውጡት። ሦስተኛ፣ ማዋሐድንና ማጣመርን አታምታቱ። በኢንክስኬፕ ኮምባይን የሚለው ትእዛዝ ሁለት መሥመሮችን በአንድ ስም ያስራቸዋል እንጂ የሚገናኙበትን ቦታ አስልቶ አይቆርጥም። ሁለት አራት ማዕዘኖችን በመስቀል ቅርጽ አስተላልፋችሁ በዩኒየን ብታዋሕዱ አንድ ሙሉ መስቀል ታገኛላችሁ። በኮምባይን ብታጣምሯቸውና የሚሠራው የጎዶሎና የሙሉ ቁጥር ሕግ ቢሆን ግን የመስቀሉ መካከል ይቦረቦራል፤ በዚያ ስፍራ የሚቆጠረው መሥመር ሁለት ነውና።

ቀዳዳው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ፈተናዎች አሉ። ከሥዕሉ ሥር ደማቅ ቀለም ያለው አራት ማዕዘን አስገቡ፤ ቀለሙ በቀለበቱ ውስጥ ከታየ ቀዳዳ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ልጥፍ ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ ቀለሙን ሁሉ ትቶ ዙሪያ መሥመሮችን ብቻ እንዲያሳይ እዘዙት። በዚያን ጊዜ የምታዩት የምላጩን መንገድ ነው። በሆሄው አካል ውስጥ የሚያልፍ አንድም መሥመር ካለ ሥራው አላለቀም። ያን ጊዜ ይህን ሁለተኛ ፈተና ባውቅ ኖሮ የዚያ ባለሙያ ስቲከር አይባክንም ነበር።

በቡና ጆንያ ላይ የሚጻፍ ስም

ይህ አካባቢ የቡና አገር ነውና ከስቲከር ወደ ጆንያ እንሻገር። በጆንያ ላይ ስምና ቁጥር የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ በተበሳ ሰሌዳ ነው፤ ፊደሉ ከቆርቆሮ ወይም ከወፍራም ፕላስቲክ ላይ ይቆረጣል፤ ሰሌዳው በጆንያው ላይ ይደረግና ቀለም ይቀባል። እዚህ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። በስቲከር ጊዜ ፊደሉ ቁስ፣ የቀለበቱ ውስጥ ባዶ ነበር። በሰሌዳ ጊዜ ግን ፊደሉ ራሱ ቀዳዳ ነው፤ የቀለበቱ ውስጥ ደግሞ በቀዳዳው መካከል የቀረ ደሴት ነው።

ቤተ ጊዮርጊስ በጉድጓዱ መካከል የቆመው ከሥር ከአለቱ ጋር ስለተያያዘ ነው። የሰሌዳችን ደሴት ግን ከሥሩ የሚይዘው የለም፤ ዙሪያው እንደ ተቆረጠ ይወድቃል። ያን ጊዜ «ጎሬ» ብለን ስንቀባ ሁለቱም ቀለበቶች በቀለም ተደፍነው ይወጣሉ። «መ»ም ሁለት ዓይኖቹን አጥቶ ሁለት ጥቁር እብጠቶች ይሆናል።

መፍትሔው ድልድይ ነው። ቀጭን አራት ማዕዘን ሣሉና በቀለበቱ ላይ ከደሴቱ እስከ ውጭኛው ሰሌዳ እንዲደርስ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከዚያም በዲፈረንስ ከፊደሉ ቀንሱት። ልብ በሉ፤ ድልድዩ በፊደሉ ላይ አይጨመርም፤ ከፊደሉ ይቀነሳል፤ ምክንያቱም ፊደሉ የሚቆረጠው ስፍራ ነው፤ ከሚቆረጠው ላይ የቀነስነው ሳይቆረጥ ይቀራል። ለ«መ» ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ድልድይ ያስፈልጋል፤ በሁለት በኩል የተያዘ ደሴት ደግሞ በአንድ በኩል ከተያዘው ይልቅ ይጠነክራል። ድልድዩ በጣም ከቀጠነ ቀለም ሲቀባ ይታጠፋል፤ በጣም ከሰፋ ፊደሉ ይሰበራል። በፊደላችን አንዱ ሆሄ ከሌላው የሚለየው በትንሽ ቀለበት ወይም በአንድ ቅጥያ ስለሆነ ድልድዩን የምናኖርበት ቦታ የንባብ ጉዳይ ነው። ሥራውን ከመቁረጣችን በፊት ለማያውቀው ሰው አሳይተን ምን እንደሚል ብናስነብበው መልካም ነው።

ያዩ፣ ድንበርና ቁጥር

እስካሁን የተናገርሁት ቢሳሳት የሚያስከፍለው ስቲከርና ጆንያ ነው። አሁን ቀዳዳና ልጥፍ ሲምታቱ መሬትና የሰው ኑሮ ወደሚነካበት ጉዳይ እመጣለሁ።

ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ሁሩሙን አልፈን ያዩን እናገኛለን። የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በደኑ ጥላ ሥር በተፈጥሮ የሚበቅለው ዓረቢካ ቡና ለዓለም ሁሉ የቡና ዘር መጠበቂያ በመሆኑ ነው። የጥብቅ ሥፍራው አጠቃላይ ስፋት 167,021 ሄክታር ሲሆን በሦስት ቀጠናዎች ተከፍሏል፤ ዋናው ጥብቅ ክፍል 27,733 ሄክታር፣ ከለላ ቀጠናው 21,552 ሄክታር፣ የሽግግር ቀጠናው 117,736 ሄክታር ነው። በዋናው ክፍል ደኑ እንዳለ ይጠበቃል፤ በከለላው ደኑን የማይጎዳ ውስን አጠቃቀም ይፈቀዳል፤ በሽግግሩ ሰዎች ይኖራሉ፣ ያርሳሉ፣ ያመርታሉ። እንግዲህ አንድ ገበሬ «ማሳዬ በየትኛው ቀጠና ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምን እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት የሚወስን መልስ ነው።

ለትምህርታችን እንዲመች ሦስቱ ቀጠናዎች አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ናቸው እንበል። እኔ የመስታወቱን ጽሑፍ በሠራሁበት ዘዴ ካርታውን ብሠራው እንዴት እሠራዋለሁ? በመጀመሪያ መላውን ሥፍራ በቢጫ ቀለም እሞላለሁ፤ በላዩ ከለላውንና ዋናውን አንድ ላይ የሚሸፍን ብርቱካናማ ቅርጽ አኖራለሁ፤ በዚያም ላይ ዋናውን በአረንጓዴ አስቀምጣለሁ። ካርታው በግድግዳ ላይ ሲሰቀል አንዳች ስሕተት አይታይበትም።

ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ቅርጽ ስፋት እንዲነግረን ብንጠይቅ ቢጫው 167,021፣ ብርቱካናማው 49,285፣ አረንጓዴው 27,733 ሄክታር ይሆናል። ድምሩ 244,039 ነው። በምድር ላይ የሌለ 77,018 ሄክታር መሬት በካርታችን ላይ ተፈጥሯል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላ ነው። በዋናው ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ነጥብ የየትኛው ቀጠና እንደሆነ ብንጠይቅ ኮምፒዩተሩ «የሦስቱም» ብሎ ይመልሳል። ለዚያ ገበሬ አንዱ ማረስ ይፈቀዳል ሊለው፣ ሌላው ሊከለክለው ይችላል፤ ሁለቱም ካርታውን ይጠቅሳሉ።

ትክክለኛው አሠራር ቀደም ብለን ያየነው መቀነስ ነው። ከመላው ሥፍራ ላይ ብርቱካናማውን ቀንሱ፤ ቀዳዳ ያለው የሽግግር ቀጠና ይቀራል። ከብርቱካናማው ላይ አረንጓዴውን ቀንሱ፤ ቀለበት የሚመስል የከለላ ቀጠና ይገኛል። አሁን ሦስቱ ሲደመሩ 167,021 ይሆናሉ፤ አንድ ነጥብም አንድ ቀጠና ብቻ ይኖረዋል። ሥዕሉ ለዓይን አንድም አልተለወጠም፤ የሚናገረው ነገር ግን ተለውጧል። የዓለም ካርታ ሠሪዎች ይህን በደቡብ አፍሪካ ያውቁታል፤ ሌሶቶ በመካከሏ ያለች ራሷን የቻለች አገር በመሆኗ የደቡብ አፍሪካ ቅርጽ ቀዳዳ ከሌለው አንዲት ነጻ አገር ትዋጣለች።

እርግጥ ኢንክስኬፕና ኮርልድሮው መሬትን ለመለካት የተሠሩ አይደሉም፤ ለዚያ እንደ ኪውጂአይኤስ ያሉ የካርታ ፕሮግራሞች አሉ። ነገር ግን በዚያም ዲፈረንስ አለ፤ በዚያም በቅርጽ ውስጥ ቀለበት የመብሳት መሣሪያ አለ፤ የመሥመር አቅጣጫ ጥያቄም አለ። ሼፕፋይል የሚባለው የካርታ ፋይል የውጩን ዙሪያ በሰዓት መዞሪያ፣ ቀዳዳውን በተቃራኒው ይይዛል። በ«ዐ» ላይ የተማራችሁት በያዩም ያገለግላችኋል።

አንድ ምክር ልጨምር። ሁለት ጎረቤታሞች ቀጠናዎችን ለየብቻ በእጅ አትሣሉ። እጅ አንድን መንገድ ሁለት ጊዜ በትክክል አይደግምም፤ በሁለቱ መሥመሮች መካከል አንዳንድ ቦታ ቀጭን ክፍተት፣ አንዳንድ ቦታ ቀጭን መደራረብ ይፈጠራል። በስክሪን ላይ ክር የሚያህለው ክፍተት በምድር ላይ የአንድ ሰው ጓሮ ሊሆን ይችላል፤ ማንም የማይጠይቀው ወይም ሁለት ወገን የሚጠይቀው መሬት ማለት ነው። ድንበሩን አንድ ጊዜ ብቻ ሣሉት፤ ሁለተኛውን ቅርጽ ከመጀመሪያው በመቀነስ አግኙት። ያን ጊዜ ሁለቱ አንድ ድንበር ይጋራሉ።

ማጠቃለያ

ወጣቶች ሆይ፤ ነጭ ክብ መለጠፍ ፈጣን ነው፤ ቀዳዳ መብሳት ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ ንክኪ ይጠይቃል። ሥራችሁ ከነጭ ወረቀት የማይወጣ ከሆነ ልዩነቱን ማንም ላያውቅባችሁ ይችላል። ነገር ግን ሥዕላችሁ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አታውቁም። ዛሬ ለወረቀት የሣላችሁት ነገ በምላጭ ሊቆረጥ፣ በቆርቆሮ ላይ ሊሰፍር፣ ወይም መሬት ሊለካበት ይችላል። ከእናንተ በኋላ ሥዕሉን የሚቀበለው ሰው፣ ስቲከር ቆራጩም ይሁን ቀያሹ ወይም ገበሬው፣ የእናንተን ዓይን ሳይሆን የእናንተን መሥመር ነው የሚከተለው።

ስለዚህ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ቀለሙን አጥፍታችሁ መሥመሩን ብቻ ተመልከቱ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡም በመንገዳችሁ ባለው ታፔላ ላይ የከተማችሁን ስም ቀና ብላችሁ እዩት። በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ የታፔላው ቀለም ከታየ የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል። የሌላ ቀለም ነጠብጣብ ካያችሁ ግን አትፍረዱበት፤ እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ። ይልቁንስ ቀዳዳ እንዴት እንደሚበሳ አሳዩት።